እንቅልፋሙ ሣር

ይህ ሣር ሞቷል ወይስ ተኝቷል? ወንድምየው እህቱ በምትመራው መዋእለ ሕፃናት ግቢ ተንበርክኮ ራሱን ጠየቀ። ባሕር ማዶ የተማረው ስለ ዕፅዋት ነበር። እንደተመለሰ የእህቱን ትምህርት ቤት ውሃ የማይጠግብ መስክ አስነቅሎ አገር በቀል ሣር የተከለውም እሱ ነው። በክረምቱ እያንዳንዱ የሣር እግር ሰው ወገብ ደርሶ ሲወዛወዝ ያላደነቀ አልነበረም። በጋው ሲገባ ግን ገርጥቶ ጭድ መሰለ።

«ጋሼ ሣሬ!» አለች እህቱ፣ ርእሰ መምህሯ፣ ከቢሮዋ ደጃፍ ሆና። «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ተኝቶ ነው እትዬ። ሥሩ ከቁመቱ በላይ ወደ ታች ይወርዳል። እንደ ሰርዶ መሬት ለመሬት አይሳብም፤ በያለበት ጉብ ብሎ ይከርማል፤ ጊዜው ሲደርስ ከዚያው ያቆጠቁጣል።»

«ወላጆች መጥረጊያ መነገድ ጀመራችሁ ወይ እያሉኝ ነው!»

«አገር በቀል እኮ ነው።»

«አንተስ አገር በቀል አይደለህ? ይኸው ረፋድ ካልሆነ አትነሣ!»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ቁርጡን ነገረችው፦ ሰኞ ቆፋሪዎች ይመጣሉ።

ከተመለሰ ወዲህ ሠራሁ የሚለው ነገር ይኸው ሣር ብቻ ነበር። እሱ ከተነቀለ ማን ሌላ ግቢ ይሰጠዋል? ደግሞ እሷ ልክ ብትሆንስ? የተማረው ሁሉ ለሌላ አፈር ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣው።

ቅዳሜ ማጭድ ይዞ ግቢውን አዳረሰው። አሮጌው ቅጠል ካልተነሣ ለአዲሱ ብርሃን አይደርሰውም፤ በዚህ እንኳ እርግጠኛ ነበር። ሲጨርስ ግን ሜዳው የተላጨ ራስ የተደረደረበት መሰለ።

«ወይ ጉድ! ጭራሽ ላጨኸው?» አለች እህቱ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች።

እሁድ ማንም በሌለበት ተመልሶ መጣ። የአንዱን ጉቶ ደረቅ ገለባ በጣቶቹ ገለጥ ቢያደርግ፣ ከሥር መርፌ የሚያካክሉ አረንጓዴ ነገሮች አጮልቀው አዩት። ሁለተኛውንም ገለጠ፤ ሦስተኛውንም። ፎቶ አነሣና ለእህቱ ላከላት፦

«እትዬ፣ ነቅቷል! ቆፋሪዎቹን ቅሩ በያቸው።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየው። መልስ ግን ያን ቀንም፣ ሰኞም፣ ከዚያም ወዲያ አልመጣም። ቆፋሪዎቹም አልመጡም።