አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር

ፈርዶውሳ የአባቷን ግቢ በር ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነው። ደጃፉ ላይ የወንዱም የሴቱም ጫማ ተከምሯል። ጠያቂ ሞልቷል ማለት ነው። ጠያቂ ከሞላ ደግሞ ሕመሙ ብሷል፤ ካልሆነም ወሬው ጅጅጋን አዳርሷል።

ጠዋት ትታቸው ስትሄድ አባቷ ቀና ብለው ያወሩ ነበር። ጃማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የግመል ደላላ ሆነው የኖሩ፣ እግራቸው አልታዘዝ እያላቸው እንኳ ከገበያ የማይቀሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያው ሳምንት ጉናጋዶ ለገበያ ወርደው፣ ሲጠማቸው መንገድ ዳር ከተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ጠጥተው ተመለሱ። ሌሊቱን ሲያስቀምጣቸው አደረ። ፈርዶውሳ ነርስ ናት። ዝናቡ እንደጣለ አተት ገብቶ ስለነበር የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ታማሚ በታማሚ ሆኗል። ጎህ ሲቀድ አንድ እፍኝ የኦአርኤስ ፓኬት፣ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ አምጥታ ለአክስቷ ለሀምሴ ሰጠቻቸውና፣ “ኤዶ፣ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር፣ በተፈላ ውሃ፣ ቀስ በቀስ ያጠጧቸው” ብላ ሮጠች። ሀምሴ የአባቷ ታላቅ እህት፣ በሶማሊኛ ኤዶ፣ ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ፈርዶውሳን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

አሁን እኩለ ቀን ነው። አባቷ ፍራሹ ላይ ተዘርግተዋል። ዐይናቸው ጎድጉዷል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ተሸብሽቦ ቀረ፤ ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት።

“ልጄ፣” አሉ፣ ምላሳቸው ከላንቃቸው እየተጣበቀ፣ “በጠጣሁ ቁጥር ይጠማኛል። የጠጣሁት ይወጣል፤ ያልጠጣሁትም አብሮ ይወጣል።”

“ኤዶ፣ ምን ያህል ጠጡልዎ?”

“ብዙ ነው። ፓኬቱ እኮ አለቀ።”

ፈርዶውሳ ጥግ ላይ የተጣለውን የባዶ ፓኬት ክምር አየች። ይህ ሁሉ በሊትር በሊትር ቢበጠበጥ፣ እንኳን አባቷ የሸጧቸው ግመሎችም ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አይጨርሱትም።

“በምንድነው የሚበጠብጡት?”

ሀምሴ የሻይ ኩባያ አነሱ። “አንዱን በአንድ አላልሽኝም? አንዱን በአንድ ኩባያ።”

“ሊትር ነው ያልኩት።”

“ሊትር ለሕፃን ነው መሰለኝ። ወንድሜ ትልቅ ሰው ነው፤ ጠንከር ያለ ያስፈልገዋል።”

ይህም አልበቃ። ጎረቤታቸው እሌኒ፣ ከደሴ መጥታ ግቢው ጎን ሱቅ የከፈተችው፣ አንድ ካርቶን የማንጎ ጁስ አምጥታ ከራስጌያቸው ተቀምጣለች። ቀሰሙን አፋቸው ውስጥ ይዛላቸዋለች። ሌላውም ጠያቂ ባዶ እጁን አልመጣም፤ የለስላሳው ጠርሙስ በግድግዳው ሥር ተደርድሯል።

“ጉልበት ይሰጣቸዋል ብዬ ነው፣” አለች እሌኒ፣ የፈርዶውሳን ፊት አይታ ቀሰሙን ቀስ ብላ እየመለሰች።

ፈርዶውሳ ጥርሷን ነከሰች። ጠዋቱን ሙሉ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ይህንኑ ስታስረዳ ቆይታ፣ የገዛ አባቷ ቤት ደግሞ እንዲህ ሆኖ ጠበቃት። ትምህርት ቤት ኦስሞሲስ የሚባለውን ትርጉም በቃሏ ይዛ ሙሉ ማርክ አግኝታበታለች። ያ ትርጉም ግን ለኤዶ ሀምሴ ምን ያደርግላቸዋል?

“ይስሙኝ፣” አለች ድምጿን ልታለዝብ እየታገለች። “አንጀት ወንፊት ነው ይበሉ። ውሃን ያሳልፋል፤ ጨውና ስኳሩን ግን እንዳሻው አያሳልፍም። ውሃ ደግሞ ጠባዩ ነው፤ ቀጭኑን ትቶ ወፍራሙ ወዳለበት ይሄዳል። እርስዎ አንጀታቸው ውስጥ ወፍራም የጨውና የስኳር ውሃ ጨመሩበት። ደማቸው ከሱ ይልቅ ቀጭን ሆነ። ስለዚህ የደማቸው ውሃ ወደ አንጀት ይሄዳል፤ ከአንጀት ደግሞ ወደ ውጭ። ጁሱም እንደዚያው ነው፤ ስኳር ነው።”

“ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት ነው ውሃ የወሰድኩበት?”

“ስጋ ላይ ጨው ነስንሰው ሲሰቅሉት ምን ይሆናል?”

“ውሃውን ይተፋና ይደርቃል።”

“ይኸው ነው።”

ሀምሴ ኩባያውን አስቀመጡ። አዩዋት፤ ወንድማቸውንም አዩ። “ወንድሜን ቋንጣ እያደረግሁት ነው እያልሽኝ ነው?”

ከፍራሹ ላይ ጃማ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ “ቋንጣ እኮ አይበላሽም፣” አሉ።

የሳቀ ሰው ነበር። ፈርዶውሳ ግን አልሳቀችም። ለአተት ወደተተከለው የሕክምና ድንኳን እንውሰድዎት ብትላቸው፣ ከዚያ የሚወጣው ሰው በሰው ትከሻ ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ። ስልኳ መጮህ ጀመረ፤ ጤና ጣቢያው ሰው አጥሮታል። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ፈልጋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ የቀረውን ፓኬት ራሷ በጥብጣ፣ ነቅንቃ ከራስጌያቸው አኖረችው። ጁሱ እንዳይነካ አለች። “ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪሰገድ ሽንት ካልመጣዎ በግድ ነው የምወስድዎት፣” ብላ ወጣች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሌላ እፍኝ ፓኬት ይዛ ተመለሰች። ያዘጋጀችው ሃይላንድ ከራስጌያቸው አልተንቀሳቀሰም፤ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። አባቷ ባታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያቃስታሉ። ሀምሴ ማሰሮ ታቅፈው በኩራት ተቀምጠዋል።

“የተፈላ ውሃ ብቻ ነው የሰጠሁት፣” አሉ። “ጨው የሚባል ነገር አላስነካሁትም። ገብቶኛል።”

ፈርዶውሳ እዚያው የበሩ መድረክ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሰው ሲጮህ እንደሚቀለው ታውቃለች። እኚህን ሴት ግን እንዴት ብላ ትጮህባቸው?

“ኤዶ፣” አለች በመጨረሻ፣ “ያ ሁሉ ውሃ ሲወጣ ባዶውን አልወጣም። የሰውነታቸውን ጨው ይዞ ነው የሄደው። አሁን ውሃ ብቻ ሲያፈሱበት የቀረቻቸው ጨው ቀጠነች። እግራቸውን የሚቆላልፈው እሱ ነው። ልኩ ሲሆን ጨውና ስኳሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከአንጀት ወደ ደም ይገባሉ፤ ውሃው ይከተላቸዋል። ሲበዛ ውሃውን ያወጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ውሃውን የሚያስገባው የለም።”

“አበዛሁ ስልሽ ትቆጪያለሽ። ተውኩት ስልሽም ትቆጪያለሽ። ታዲያ የሚሻለው ምንድነው?”

“ሊትር። ሊትር ነው የሚሻለው።”

ሀምሴ ፊታቸውን አዞሩ፤ ከንፈራቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አየችው። ከጠዋት ጀምሮ ከወንድማቸው ራስ ሥር አልተነሱም። ምግብም አልቀመሱ። ፈርዶውሳ ይህን አሁን ነው ያሰበችው። ስልኳን አውጥታ ለሥራ ባልደረባዋ ለፌኔት ዛሬ እንደማትመለስ ነገረቻትና ዘጋችው። ከዚያ ሃይላንዱን ቀድታ ማንኪያውን ለአክስቷ ሰጠች።

“እርስዎ ይስጧቸው። እኔ እደግፋቸዋለሁ።”

ማንኪያ በማንኪያ ሄደ። አንዴ አስመለሳቸው፤ ጥቂት ጠብቀው እንደገና ጀመሩ።

“ምን ምን ይላል፣ አቦ?” አለች ፈርዶውሳ አባቷን።

ጃማ አጣጣሙ። “እንባ እንባ ይላል።”

“እንግዲያው ልክ ነው። ከእንባ የበለጠ ከሆነ ጨው በዝቶበታል።”

በዚህ መሀል አንድ የድሮ ደላላ ባልደረባቸው ሌላ ካርቶን ጁስ ተሸክሞ ገባ። ፈርዶውሳ አመስግና ተቀበለችው። ካርቶኑን ቀድዳ ላመጣው ሰው አንድ፣ ለእሌኒ አንድ፣ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ አንድ አንድ አደለችና እስኪጠጡ ድረስ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጃማ ልነሳ አሉ። ፈርዶውሳ በአንድ ወገን፣ ያ ባልደረባቸው በሌላው ወገን ደግፈው እስከ መጸዳጃው አደረሷቸው። ቆዩ። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው፣ ክፍሉን በሞላው ጠያቂ ፊት፣ የግመል ዋጋ እንደሚቆርጥ ሰው፣ “ሸናሁ፣” አሉ።

“አልሐምዱሊላህ” አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ። ሀምሴ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። ፈርዶውሳ ባዶውን ሃይላንድ አንስታ ሌላ ልትበጠብጥ ወደ ጓዳ ገባች። ቁጣው ቀኑን ሙሉ አቁሟት ነበር። አሁን ለቀቃት፤ ፓኬቱን ቀድዳ በጠበጠች።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ሾርባ ጠጥተው በስልክ ዋጋ ሲከራከሩ ትታቸው ወደ ሥራ ወጣች። እሌኒ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሀምሴ ሴቶች ሰብስበው ቆመዋል። ፓኬት ወደ ላይ ከፍ አድርገው ያስረዳሉ።

“ውሃ ሞኝ ናት፣” ይላሉ። “ጨው ወደበዛበት ሰፈር ትከተላለች። አንጀታችሁ ወንፊት ነው። ስለዚህ ጨውን አታብዙት፤ አታባርሩትም። አንድ ሊትር፣ እንባ እንባ የሚል። ጁስ ደግሞ ሌባ ነው፤ ጁስ ያመጣ ጠያቂ ራሱ ይጠጣው። የኔ ልጅ የተማረችው ይህንን ነው፤ ኦስሞ… ኦስማን ይባላል።”

ፈርዶውሳ አፏን ልትከፍት አለች። አንድ በአንድ ልታርማቸው ብትጀምር እስከ እኩለ ቀን አትጨርስም፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ይጠብቃታል። ከተናገሩት ውስጥ ሰው የሚገድል ስህተት መኖሩን በልቧ ፈተሸች። የለም። ሂጃቧን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።