ኢኖኬ የመለሱት ጥርስ

ሴሩዋያን ከፊጂ አውስትራሊያ ውስጥ ወዳለው የግሪፊዝ የብርቱካን እርሻ ያመጣት የመንደሯ ልጅ አፒሳይ ነው። እንደደረሰች ፓስፖርቷን ደበቀባት፤ ማታ ማታ በር ይቆልፍባት ነበር። ስታመልጥ አጎቷ ኢኖኬ ቤት ተጠጋች።

አውስትራሊያ መሥሪያ ቤቱ ብዙ ነው። መጠለያ የሚፈልግላት አንዱ፣ የሚመረምረው ፖሊስ፣ ቪዛ የሚሰጠው ኢሚግሬሽን። ኢሚግሬሽን ደግሞ ፖሊስ መበደሏን ሳያረጋግጥ ንቅንቅ አይልም። መርማሪዋ ኬሪን ደግ ሴት ብትሆንም፣ ምስክር ካልተገኘ መዝገቡ እንደሚዘጋ ቁርጡን ነገረቻት። ያኔ ሴሩዋያ ወደ መንደሯ ትመለሳለች፤ እዚያ የመንደሩ አለቃ የአፒሳይ አባት ነው። ፈርታለች።

ቅዳሜ ዕለት አፒሳይ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ለኢኖኬ በፊጂ ወግ ይቅርታ የሚለመንበትን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ዘረጋላቸው። ፓስፖርቷን መደበቁንም በር መቆለፉንም ሳያስቀር፣ ያጠፋውን ሁሉ በራሱ አፍ ተናገረ፤ በወጉ ሳይናዘዙ ይቅርታ የለም። ኢኖኬ ጥርሱን ተቀበሉ። ጥርስ ከተቀበሉ ወዲያ ነገሩ ተቀበረ፣ ማንም አያነሳውም። ሴሩዋያንስ? ማን ሊጠይቃት! ኩሽና ቆማ ሁሉንም ሰማች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጎቷን ያዘቻቸው።

«አጎቴ፣ ሲናዘዝ ሰምተዋል። ለኬሪን ይንገሩልኝ።»

«ተይ እንጂ ልጄ። ተቀብዬ ሳበቃ? በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። ቂም የለኝም። ግን እኔን አውሮፕላን ላይ ሲጭኑኝ በምን ዓይንዎ ያዩኛል?»

ኢኖኬ ቤት ገብተው ማዕድ ቀረቡ። ምሳቸውን ግን ሳይነኩ ተነሱ።

ሰኞ ጠዋት ጥርሱን በፎጣ ጠቅልለው አፒሳይ ቤት ሄዱ። ጎረቤት ሁሉ እያየ ደጃፉ ላይ አስቀምጠውለት ተመለሱ። ጥርስ ከተመለሰ ዕርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ከዚያ ከሴሩዋያ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ገቡ። ኬሪን ወንበር ስትስብላቸው ሳይቀመጡ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩዋት።

«ትናንት ብትጠይቂኝ አልናገርም ነበር» አሉ። «ዛሬ እጄ ባዶ ነው። ጻፊ።»

ኬሪን ከሽማግሌዎቹም ሁለቱን አስጠርታ ቃል ተቀበለች፤ ማረጋገጫውም ለኢሚግሬሽን ተላከ። ሴሩዋያ በአፒሳይ ላይ የተከፈተው ክስ እስኪያልቅ እዚሁ እንድትቆይ ተፈቀደላት።

በተከታዩ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኢኖኬ በተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም። ሴሩዋያ ዘግይታ ገባችና አጠገባቸው ተቀመጠች።