ሰማንያ ግራ እጅጌ

የዘፋኟ «መርፌ» አልበም የወጣ ሰሞን የስፌት ቤቱ ሰው ለሦስት ተከፈለ። ወጣቶቹ ሰፊዎች ክንፍ አሉለት። ጋሽ ካውያ የሚሉት ልብስ ተኳሹ «ሳህን በደረጃ ሲንከባለል አልበም ከተባለማ፣ የእኔ ወጥ ቤት በየቀኑ ያወጣል» አለ። ጨርቅ የሚያመላልሰው ሞተረኛ ደግሞ ከሁሉም ባሰ። እሱ ፓንክ የሚባለውን ሙዚቃ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚከታተል፣ ጃኬቱ ላይ መርፌ ቁልፍ የደረደረ ሰው ነው፤ «ይሄ ፓንክ አይደለም፣ ፓንክን በስኳር ለውሰው ፖፕ አድርገውት ነው» እያለ ይንገሸገሻል። እንግዲህ ፍረዱ! አንዱ ጩኸቱ በዛብኝ ይላል፣ ሌላው ጩኸቱ አነሰብኝ ይላል። አልበሙ ግን ማንንም ሳይሰማ በየአውቶቡሱ፣ በየፀጉር ቤቱና በየተማሪው ጆሮ ውስጥ መጮሁን ቀጠለ።

የእትዬ ሚሊን አስተያየት የጠየቀ የለም። እሷ ቆራጯ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ስትቆርጥ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ቅጽል ስሙ የወጣላት ሌላው የሰፋውን አንስታ፣ ሜትሯን ዘርግታ፣ «አንድ ሚሊ ሄዷል» ማለት ስለምትወድ ነው። ቢጠይቋት መልስ አላጣችም። ከአሥሩ ዘፈን ሦስቱ ግሩም ናቸው፤ ሁለቱ ምንም አይሉ፤ አራቱ፣ በተለይ ያ ስለ ዝናብ የሚያላዝነው፣ አይረቡም። ስድስተኛውን ግን እስከ መጨረሻው ሰምታው አታውቅም። ገና አዝማቹ ሲጀምር ወይ ሬዲዮውን ትዘጋለች፣ ወይ ከአውቶቡስ ትወርዳለች፣ ወይ ደግሞ ጨርቅ መጋዘን ውስጥ ድንገት የምትፈልገው ነገር ይኖራል።

ስድስተኛው ዘፈን ስለ እሷ ነው የተዘፈነው።

«መርፌ» በሚል ስም የምትዘፍነው ልጅ የእትዬ ሚሊ አንድ ልጇ ናት፤ ስፌት ቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ በሰባት ዓመቷ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ ስትሰፋ እናቷ ስፌቱን ገልብጣ አየችና «አልሆነም፣ ተርትሪው» አለቻት። ተረተረችው። ደግማ ሰፋች፤ አሁንም «ተርትሪው»። የቤት ሥራ ስትሠራ «ተርትሪው»፣ አልጋ ስታነጥፍ «ተርትሪው»። አድጋ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ባንድ አቋቋመችና የመጀመሪያ ዘፈኗን ሳሎን ቁጭ አድርጋ ለእናቷ አሰማች። የእናት አፍ ያን ዕለትም አላረፈም። ልጅቷ ጊታሯን አዝላ ወጣች፤ ይኸው ዓመት ተኩል ሆናት።

በዚያው ሰሞን ትልቁ ጥቁር መቀስ ከቤት ጠፋ። የኤሌክትሪክ መቁረጫ ከመምጣቱ በፊት እትዬ ሚሊ ልጇን ያሳደገችበት መቀስ ነው። ደውላ «መቀሴን የወሰድሽው አንቺ ነሽ» ብትላት ልጅቷ «አላየሁትም» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ የሚደዋወሉት ዘመድ ሲታመም ብቻ ሆነ። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ያ የምታውቀው ድምፅ ከጣሪያው ወረደባት። የአልበሙ ስም «አልተረትርም» ይላል። እናት በሰው መሐል ቆማ እጀታውን ጨምድዳ ይዛ ቀረች። አፈረች፤ ተናደደች፤ ከሁሉም በላይ ልጇ ናፈቀቻት።

ስፌት ቤቱ አንድ ሕግ አለው፤ ሙዚቃ የሚመርጠው ባለተራ ነው። የባለተራው ስም በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጻፋል፣ የእሱን ምርጫ መዝጋትም ሆነ መቀነስ አይቻልም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ እትዬ ሚሊ ናት፤ ከዓመታት በፊት ሁለት ሰፊዎች በአንድ ሬዲዮ ተናንቀው እሷ ናት የገላገለቻቸው። የራሷን ተራ፣ ዓርብን፣ ሁልጊዜ ለሌላ ትሰጣለች።

ሰኞ የቁልፍ ሰፊዋ ተራ ነበር። ይህች ልጅ አፏ ከእጇ የማያንስ ፈጣን ናት። ድምፅ ማጉያውን እስከ ጥግ ከፈተችው፤ ጋሽ ካውያ በመጀመሪያው ዘፈን ካውያውን አስቀምጦ ጆሮውን ያዘ።

«ይሄ ሰውዬ ከበሮው ምን በድሎት ነው?»

«ሴት ናት እኮ የምትመታው፣ ጋሼ።»

«ባሰ!»

«ስድስተኛው እስኪደርስ ይታገሡ። መጨረሻው ላይ ጊታሩ ጸጥ ሲል ብቻውን የሚቀር ድምፅ አለ፤ ቅጭ-ቃ፣ ቅጭ-ቃ የሚል። እሱን ሲሰሙ ሁሉንም ይቅር ይላሉ።»

«ሰምቼዋለሁ። ማንኪያና ሳህን ነው።»

«ኮምፒውተር ነው» አለ ጨርቅ ተሸክሞ የገባው ሞተረኛ። «ዛሬ ማን በእጁ የሆነ ነገር ይመታል?»

እትዬ ሚሊ አልሰማችም፤ ወይም ያልሰማች መሰለች። ለዓርብ የሚደርስ የተማሪ ጃኬት ይዛለች። የትልልቆቹን ልጆች አርባ ጃኬት ለመቁረጥ አርባ ጨርቅ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ደራርባ እጅጌው ላይ ደርሳለች። የእጅጌ ልክ ወረቀቱ አንድ ነው፤ አንዴ ተዘርግቶ ግራው ይሰመራል፣ ከዚያ ይገለበጥና ቀኙ ይሰመራል። ይህን ለማወቅ ቆራጭ መሆን አያስፈልግም፤ ሰው ሁለት እጅ እንዳለው ማወቅ ይበቃል።

ግራውን አስምራ ወረቀቱን እንዳነሣች ስድስተኛው ዘፈን ገባ። ወደ መጋዘን መሄድ አሰበች፤ እግሯ እምቢ አላት። ሰፊዎቹ ሁሉ መኪናቸውን እየረገጡ አዝማቹን ተቀበሉ፦

*ተርትሪው አልሽኝ፤ አልተረትርም!*
*ጠማማ ነው አልሽኝ፤ ጠማማ ይሁን!*
*እኔው ሰፋሁት፣ እኔው ልልበሰው!*

እሷ ለአንዲት ሕፃን፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የተናገረችው ቃል ነው በአሥራ ስድስት አፍ የሚዘፈነው። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ መልሳ አስቀመጠች፣ አሰመረች፣ የቀረውን ላለመስማት ቶሎ ብላ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን አስነሣች። የማሽኑ ጩኸት የልጇን ድምፅ ዋጠው። ወረቀቱን አልገለበጠችውም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እጅጌ ገጣሚዋ ሁለት እስር ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ቀኙን የት አኑረውት ነው?»

«ይኸው እጅሽ ላይ።»

«ይሄም ግራ ነው።»

እትዬ ሚሊ ተቀበለቻትና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ግራ ነው። ከሥሩ ያለውን አወጣች፤ ግራ ነው። ጨርቁ ፊትና ጀርባው የሚለይ፣ አንድ ወገኑ ብቻ የሚያብረቀርቅ ዓይነት ስለሆነ ገልብጦ ማለፍ እንኳ አይቻልም። ሰማንያ ግራ እጅጌ! የተሰፋ ቢሆን ይተረተር ነበር፤ የተቆረጠ ግን ተቆረጠ።

አለቃው ወሬውን ሰምቶ ከቢሮው ወረደ። የማይጮህ፣ ሁሉን ነገር በወረቀት የሚጨርስ ሰው ነው። እጅጌዎቹን አየ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያልጠፋውን የሰኞ ባለተራ ስም አየ።

«እትዬ፣ እርስዎ ሃያ ሁለት ዓመት ተሳስተው አያውቁም» አለ። «ይህ የእርስዎ ጥፋት ሊሆን አይችልም። በዚያ ጩኸት ምክንያት ሥራዬ ተረበሸ ብለው አንዲት ወረቀት ይፈርሙልኝ። ልጅቷን አሰናብታለሁ፣ ማጉያውም ይወርዳል። የእርስዎ ስም እንደ ጠራ ይኖራል።»

ይህ ለእትዬ ሚሊ ቀላል ፈተና አልነበረም። አንዲት ፊርማ ብታኖር ስሟ ይተርፋል፤ ሲለበልባት የከረመው ዘፈንም ቢያንስ ከዚህ ቤት ይወጣላታል። ቀና ስትል ቁልፍ ሰፊዋን አየቻት። ልጅቷ አልለመነቻትም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አገጯን ወደ ላይ ቀስራ ቆማለች። ከዓመት ተኩል በፊት አንዲት ልጅ ጊታር አዝላ በር ላይ ልክ እንዲህ ቆማ ነበር።

«አልፈርምም።»

«ምን አሉኝ?»

«አልፈርምም አልኩ። ዘፈን ጨርቅ አይቆርጥም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ በእጄ። በሃያ ሁለት ዓመት አንዴ ተሳሳትኩ፤ እሱንም ለሰው አልሰጥም፣ የራሴ ነው።»

ጋሽ ካውያ ከማዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘፈኑን ከኔ በላይ የሚጠላ የለም፣ አለቃ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ እየሰማሁት አንድ ኮሌታ አላቃጠልኩም።»

አለቃው ወደ እሱ አልዞረም። «እናትን በዓለም ፊት የሚያዋርድ ዘፈን ነው። ለእሱ መከራከር በእርስዎ ዕድሜ ያምራል?»

«የተዋረደችው እናት እኔ ነኝ» አለች እትዬ ሚሊ።

የልብስ ስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

«መርፌ የምትሏት ልጄ ናት። ካነሣችሁት አይቀር፣ ግማሹ አልበም አይረባም፤ ያ የዝናቡማ ለብቻው ያሳፍራል። ይህን ግን እኔ ነኝ የምነግራት። እርስዎ በእሷ አሳበው እዚህ ቤት የሰው ጉሮሮ አይዘጉም።»

አለቃው ወረቀቱን አጠፈ። «እንግዲያው ዓርብ ጠዋት አንድ ጃኬት ቢጎድል፣ እርስዎም ማጉያውም አንድ ላይ ትወጣላችሁ።»

«ይሁን» አለች።

አለቃው ከመውጣቱ ቁልፍ ሰፊዋ አጠገቧ ደረሰች። «እትዬ፣ አሁን ምን ይሻላል?»

«ጠመኔ አምጪ።»

ቆራጭ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የትልቅ ልጅ ግራ እጅጌ ውስጥ የትንሽ ልጅ ቀኝ እጅጌ ይወጣል። የትንንሾቹ ጃኬት ገና አልተቆረጠም። ስለዚህ የተበላሹት አርባዎቹ ለትንንሾቹ ቀኝ ይሆናሉ፣ ለትንንሾቹ ቀኝ ተብሎ የተቀመጠው ጨርቅ ደግሞ ከጥቅልሉ ከተረፈው ጋር ለትልልቆቹ ቀኝ ይውላል። ችግሩ ይህን በማሽን ደርድሮ መቁረጥ አይቻልም። እያንዳንዱ እጅጌ ለብቻው ተዘርግቶ፣ ትንሹ ልክ ተገልብጦ ተቀምጦበት፣ በእጅ መቀስ መከርከም አለበት። ቁልፍ ሰፊዋ ታሰምራለች፣ እትዬ ሚሊ ትቆርጣለች። ሁለት ቀን ተኩል አውራ ጣቷ ውኃ እስኪቋጥር ቆረጠች። የሱቁ አዲስ መቀስ እጇን አላውቅ ሲላት ያንን ጥቁሩን እያነሣች ታማርራለች። ጋሽ ካውያ ሳይጠየቅ እጅጌዎቹን በየተራ ይተኩስላት ነበር፣ በየመሐሉም ያ የዝናቡ ዘፈን ስንተኛው እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሚጠላውን ዝርዝር ማስፋቱ ነው።

ዓርብ ጠዋት አለቃው ጃኬቶቹን ከሥራ ትእዛዙ ጋር እያመሳከረ አሳለፈ። አንዱን አንሥቶ እጅጌውን ወደ ብርሃን ያዘው፣ አገላበጠው፣ አስቀመጠው። «ይጫን» ብሎ ወደ ቢሮው ወጣ። ማጉያውም እንደተሰቀለ ቀረ።

እትዬ ሚሊ ጠመኔውን አነሣችና በዓርብ ላይ የራሷን ስም ጻፈች።

«ዛሬ ለማን ነው የሚሰጡት?» አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

«ለማንም። ክፈቺልኝ፤ ከአንድ እስከ አሥር፣ አንድም እንዳታልፊ።»

ጋሽ ካውያ «እግዚኦ» ብሎ ወንበር ሳበ። ሞተረኛውም የራስ ቁሩን ይዞ በሩ ላይ ቀረ። በሦስተኛው ዘፈን እትዬ ሚሊ ራሷን ነቀነቀች፤ በአራተኛው፣ በዝናቡ፣ ፊቷን አጨማደደች። ስድስተኛው ሲመጣ ሰፊዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቀበሉትም፤ አፍረው ጨርቃቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች። «በእኔ ተራ ዝም አይባልም።»

ዘፈኑት። እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው። ከዚያ ጊታሩ ጸጥ አለ፣ ከበሮው ጸጥ አለ፣ ያ የተከራከሩበት ድምፅ ብቻውን ቀረ። ቅጭ-ቃ። ቅጭ-ቃ።

ማንኪያም ሳህንም አልነበረም። አንዴ ሲዘጋ፣ አንዴ ደግሞ ብሎኑ ስለላላ እንደገና የሚመታ መቀስ ነው። ሃያ ዓመት በጆሮዋ የኖረ ድምፅ ነው፤ ልጇ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ፣ ቁራጭ ጨርቅ እየለቀመች ያደገችበት። ልጅቷ በአገሩ ሁሉ ከጮኸች በኋላ መጨረሻውን የሰጠችው ለእናቷ እጅ ነበር። እትዬ ሚሊ ፊቷን ለማንም አላዞረችም። እንባዋን በቁራጭ ጨርቅ ጠረገችና ስልኳን ይዛ ወደ መጋዘን ገባች።

«ሄሎ?» አለች ልጅቷ ደንግጣ። «ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም። ያ የዝናቡ ዘፈን አይረባም።»

«አውቃለሁ። ከበሮ መቺዋ ናት የጻፈችው።»

«ስድስተኛውን ዛሬ ጨርሼ ሰማሁት።»

ከግድግዳው ማዶ ሰባተኛው ዘፈን ይጮሃል፤ ጋሽ ካውያም በእሱ ላይ ይጮሃል።

«መቀሱ የኔ ነው» አለች እናት።

«አልመልስም» አለች ልጅ።

እትዬ ሚሊ የዓመታት ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣባት። ዋጠችው።

«እንዳትመልሺ» አለች። «ብሎኑንም እንዳታጠብቂው።»