የአማት ክብረ ወሰን

ጋሽ ሕዝቅኤል ዛሬ ስታዲየም የመጡት ክለባቸው እንዲያሸንፍ፣ መልካሙ ደግሞ ጎል እንዳያገባ እየጸለዩ ነው። ሁለቱን እንዴት አድርጎ እንደሚያስማማው የእግዜር ጣጣ ነው!

ምን ያድርጉ? የ«ጣና ሞገድ» የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ እሳቸው ናቸው። መቶ አራት ጎል። ጫማ ከሰቀሉ ስንት ዘመናቸው፣ ባሕር ዳር ላይ ግን ዛሬም ባጃጅ ነጂው ሁሉ «ጋሼ መቶ አራት!» እያለ በነፃ ያሳፍራቸዋል። ታዲያ ይኸ መልካሙ የሚባል የቆጋ ድንች ገበሬ ልጅ አፍላ ሳለ መጣና፣ በቀኝ ሲጠብቁት በግራ፣ በግራ ሲጠብቁት በቴስታ እያስቆጠረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ዓመት ተኝቶ እንኳ ተመልሶ እያስቆጠረ፣ መቶ አራት ላይ ደረሰባቸው። ይኸ ሳያንስ ልጃቸውን ዜማን ወደደ። ባለፈው እሑድ አቶ አምሐን አስቀድሞ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ሕዝቅኤልም እንደ ወጉ «እንመካከርበት፤ ለሚመጣው እሑድ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። እሑድ ነገ ነው።

ዛሬ «ጣና ሞገድ» ካላሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል። ጨዋታው ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ደርሶ ገና ዜሮ ለዜሮ ነው፤ የተቀመጠ ሰው የለም።

መልካሙ ብቻውን ከበረኛው ጋር ተፋጠጠ። ሕዝቡ ገና ሳይመታት «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ግን ኳሷን ለጓደኛው አቀበለ። ጓደኛው ደንግጦ ወደ ሰማይ ላካት።

«ቡዳ በልቶታል!» አለ ከኋላ አንዱ። «ሦስት ጨዋታ ሙሉ እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው! ጠበል ይውሰዱት!»

አጥቂን ግን አጥቂ ያውቀዋል። ልጁ ሊመታ እግሩን ካነሣ በኋላ ቀና ብሎ ወደ እሳቸው ሲያይ ጋሽ ሕዝቅኤል አይተውታል። ዞር ብለው አጠገባቸው የቆመችው ዜማ ላይ አፈጠጡ።

«ምንድን ነው የሚያደርገው ይኸ ልጅ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አባየ…»

«በሞቴ!»

ዜማ አንገቷን ሰበረች። «አቶ አምሐ ናቸው የመከሩት። ‹የአማትህን ክብረ ወሰን ሰብረህ በየት ዓይንህ ታያቸዋለህ? መጀመሪያ የሽምግልናው ነገር ይለቅ› አሉት። እኔማ ተው ብየው ነበር፤ ይሉኝታ ያዘው።»

እውነቱን እንናገር፤ አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። እንዲህ የሚያፍራቸው ልጅ አማች ሲሆንማ ጨርሶ አይደፍራቸውም። ከእሳቸው የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ስለዚህ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይቶ ኳስ መልካሙ እግር ላይ ደረሰች። አሁንም አቀበለ። ከኋላ ያ ሰውዬ እናቱን ጠርቶ ሰደበው፤ ልጁም ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ይችን ጋሽ ሕዝቅኤል አልቻሏትም። አጥቂ መትቶ ስቶ ያፍራል፤ ሳይመታ የሚያፍር አጥቂ ግን በዕድሜያቸው አላዩም። «ለካ በቁሜ ተዝካሬን እያወጣልኝ ነው!» አሉ። ደማቸው ፈላ።

«ወዴት ነው አባየ?»

ደረጃውን፣ በዚያ ጉልበት፣ እየዘለሉ ወርደው ሽቦ አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡና አምባረቁ።

«አንተ መልካሙ! ለእኔ ብለህ ነው የምትተዋት? ምጽዋት ለምኜሃለሁ?»

ከአጥሩ ወዲያ መስመሩ ላይ የነበረው ልጅ ባለበት ደርቆ ቀረ። «ጋሼ፣ እርስዎን እንዴት ደፍሬ…»

«ድፈረኛ! እኔ በላቤ ያገኘሁትን አንተ በይሉኝታ ልታቆይልኝ? ኳሷን መረብ ውስጥ ካላየኋት ነገ አምሐንም ሽማግሌዎቹንም በዱላ ነው የምሸኛቸው! ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ ጋሼ!»

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት ተሰጠ። ኳሷ ተሻማች። መልካሙ ከሁለት ተከላካዮች መሐል ተነሣ፤ ኧረ እንዴት ተነሣ! ጋሽ ሕዝቅኤልም አጥሩ ሥር አብረውት ዘለሉ፣ አብረውት በግንባራቸው ገጩ፣ ሽቦው ግንባራቸውን ላጠው። መረቡ ተወጠረ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ። እሳቸው አንድ የማያውቁት ፖሊስ አንገት ላይ ተጠምጥመው «እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ!» እያሉ ይዘላሉ።

«የጣና ሞገድ የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ፣ መልካሙ!» አለ ድምፅ ማጉያው። ሕዝቡ ስሙን ተቀበለው። የጋሽ ሕዝቅኤልን ስም የጠራ አንድም ሰው የለም። ይኸን ጊዜ ነው እንባቸው ዱብ ዱብ ያለው።

ዜማ ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች። «አባየ፣ ከፋዎት?»

«ከፋኝ እንጂ! ሰው ክብረ ወሰኑ ሲሰበር ምን ይሁን፣ ይጨፍር?»

መልካሙ እየሮጠ መጥቶ ከአጥሩ ወዲያ ተንበረከከ፤ በሽቦው ሥር እጁን ሰድዶ ጉልበታቸውን ፈለገ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይመርቁኝ።»

«ምርቃቱ ነገ ነው!» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ እጁን መታ አድርገው እየመለሱ። «ጨዋታው መቼ አለቀ? ተነሥ! ሂድ ጨምር! ማንም እንዳይደርስብህ አድርገህ ጨምር!»