ባዶዎቹ አውቶቡሶች

ከመልካ ጀብዱ ድሬዳዋ ይመላለስ የነበረው አውቶቡስ የቀረው በ1973 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ይመጣ ነበር። አንድ ማለዳ ሳይመጣ ቀረ፤ በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ሰማታር ሕዝቡን ሰበሰበና «አውቶቡሱ ለአስቸኳይ አብዮታዊ ሥራ ስለተፈለገ ለጊዜው ተነስቷል» አለ።

ከሴቶቹ መሀል ሃዎ ሊበን ተነሳች። «ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?»

«ለጊዜው ማለት ለጊዜው ነዋ!» አለ ሰማታር፤ ስብሰባውንም በተነ።

ሃዎ ዕድሜዋ አርባ አምስትን የተሻገረ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከመልካ ጀብዱ አትክልት ቦታዎች ቲማቲምና ሽንኩርት እያነሳች ቀፊራ ገበያ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ረጅም ናት፤ ድምጿም ወፍራም። ገበያ ላይ ስትከራከር በሶማሊኛ ትጀምራለች፣ በኦሮምኛ ትገፋበታለች፣ በጣም ሲብስባት በአማርኛ ትጨርሰዋለች። ማንበብና መጻፍ የቻለችው ገና በቅርቡ፣ መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ነው። ያስተማረቻት የጤና ጣቢያው ድሬሰር የሺአረግ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወዳጅ ሆነዋል።

አውቶቡሱ ከቀረ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ አሸዋ መኪና ዞረ። ከወንዙ አሸዋ የሚያወጡት ካሚዮኖች ሲመለሱ መንገደኛውን ከነእቃው አሸዋው ላይ ይጭኑታል። እርጉዝ አይሉ፣ አራስ አይሉ፣ ሽማግሌ አይሉ፤ የሚይዘው ነገር የሌለው ሁሉ እርስ በርሱ ተያይዞ ይሄዳል። ሃዎም ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ሄደች። አማረረች እንጂ ሌላ ነገር አላደረገችም። በኋላ ራሷን የወቀሰችው በዚህ ነው።

በታኅሣሥ የወንድሟ ልጅ ዳሃቦ ከካሚዮን ላይ ወደቀች። ዳሃቦ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ድሬዳዋ አንድ ስፌት ቤት ተቀጥራ በየቀኑ ትመላለሳለች። ሹፌሩ ደረቁ ወንዝ ጋ ሲደርስ ድንገት ፍሬን ያዘ፤ ከኋላ የነበሩት ሦስት ሰዎች ተወረወሩ። ሁለቱ አቧራቸውን አራግፈው ተነሱ። ዳሃቦ ግን ጭኗ ተሰብሮ እዚያው ቀረች። ሃዎ በእግሯ እየሮጠች ስትደርስ ልጅቱ በሻሽ ጥላ ተደርጎላት ጠጠር ላይ ተኝታ ነበር።

«ኤዶ፣» አለቻት፤ የአባቷ እህት ናትና ሁልጊዜ በሶማሊኛ እንዲህ ነው የምትጠራት። «ኤዶ፣ ሥራ ቀረሁ።»

ሃዎ አላለቀሰችም። ድሬዳዋ የሚያደርሳት መኪና እስኪገኝ አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ አብራት ተቀመጠች። ከሆስፒታል ስትወጣ የዳሃቦ ቀኝ እግር ከግራው አጥሮ ነበር። ስፌት ቤቱም በቦታዋ ሌላ ሰው ቀጥሯል።

ያን ሰሞን ሃዎ ጤና ጣቢያ ሄዳ የሺአረግን «ማመልከቻ ጻፊልኝ» አለቻት።

የሺአረግ በሩን ዘጋችው። «ሃዎዬ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ይህን የጻፍኩት እኔ መሆኔ ከታወቀ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ እጽፈዋለሁ።»

ሦስት ቀን ፈጀባቸው። የሺአረግ ቃሉን እየነገረቻት ሃዎ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመችው። ከዚያ ቤት ለቤት ዞረች። የሚያውቅ ፈረመ፣ የማያውቅ በጣቱ አተመ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ሆነ። ሰማታር ብቻ አልፈርምም አለ። «እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» አላት፤ አልከለከላትም ግን።

ጉዳዩን የያዘው ድሬዳዋ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የነበረ የሕዝብ ማጓጓዣ አስተባባሪ ኮሚቴ ነው። ሃዎ ጥር ሙሉ እዚያ ተመላለሰች። አንድ ቀን ስብሰባ ናቸው ተባለች፣ አንድ ቀን መስክ ወጥተዋል ተባለች። በየካቲት መጀመሪያ ሰብሳቢው ጓድ ወልደጻድቅ አስገቧት አለ። ካኪ የለበሰ፣ ጸጉሩን በደንብ ያበጠረ ሰው ነው። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ የጣት አሻራዎቹን ሳይሆን ጽሕፈቱን አተኩሮ አየ።

«ማነው የጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? እኔን አታሞኚኝ። ከኋላሽ ማን እንዳለ ንገሪኝና በሰላም ሂጂ።»

«ከኋላዬ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አለ። ስማቸው ከሥር አለልህ።»

ወልደጻድቅ ንጹህ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገላት። «ጻፊ እስቲ።»

ሃዎ ቁጭ ብላ እስክሪብቶውን እንደ ማንኪያ ጨበጠች። የሚያስቸኩላት እንደሌለ ሁሉ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ደረደረች። ስትጨርስ ወረቀቱን አዙራ ሰጠችው። በትልልቅ፣ በተጣመመ ጽሕፈት «አውቶቡሳችን ይመለስ» ይላል።

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። «ስሚ፣ እናቴ። አገሪቱ ጦርነት ላይ ናት። መለዋወጫ የለም፣ ጎማ የለም፣ አውቶቡስ የለም። ይህን ሁሉ ሰው ማስፈረም ደግሞ አድማ ይባላል፤ ታውቂያለሽ? ለዛሬ በምክር አልፌሻለሁ። ሁለተኛ እንዳላይሽ።»

ሃዎ ስትወጣ መንገዱ ጠፋትና በግቢው ጀርባ በኩል ሄደች። እዚያ አንድ አውቶቡስ ይታጠባል። ጎኑ ላይ ያለውን ረጅም ጭረት ባየች ጊዜ አወቀችው፤ የራሳቸው አውቶቡስ ነው። መስኮቶቹ አሁን አዲስ መጋረጃ ተደርጎላቸዋል። የሚያጥበውም የድሮው ሹፌራቸው አብዲቃድር ነው። ሲያያት ባልዲውን አስቀመጠ።

«ወላሂ፣ ሃዎ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው» አለ፣ ሳትጠይቀው። «የኮሚቴውን ሰዎች ስብሰባ አደርሳለሁ። እሁድ እሁድ ቤተሰቦቻቸውን ሽርሽር እወስዳለሁ።»

«ጎማ አለው?»

«አዲስ ነው።»

በዚያ ቀን ሃዎ አሸዋ መኪና አልተሳፈረችም። አሥር ኪሎ ሜትሩን በእግሯ ሄደችው፤ መንገዱን ሙሉ ስታስብ።

ሚያዝያ ገባ። በሃያ ሦስት የላብ አደሮች ቀን ስለሚከበርና ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ስለሚመጣ ከየቀበሌው ሰው እንዲወጣ ታዘዘ። ከመልካ ጀብዱ ሦስት መቶ ሴቶች፣ የቀረ ይቀጣል ተባለ። «እንዴት እንሄዳለን?» ብለው ሲጠይቁ ሰማታር «አውቶቡስ ይመጣል። ሁለት አውቶቡስ፤ እየተመላለሰ ያደርሳችኋል» አለ። ይህን ሲናገር ወደ ሃዎ አላየም።

በማግስቱ ሃዎ ከአትክልት ቦታው እስከ ውሃው ድረስ ሴቶቹን አንድ በአንድ አነጋገረች። ስብሰባ አልጠራችም፤ አድማ ማለትን ከወልደጻድቅ ተምራለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለሰልፍ አውቶቡስ ካለ ለምጥ ለምን የለም? እኔ አልሳፈርም። መቅረት አያስፈልግም፣ አንቀርም፤ ግን በእግራችን እንሂድ።»

አንዳንዶቹ ፈሩ። የሺአረግ «ሃዎዬ፣ ያስሩሻል» አለቻት።

«በእግር መሄድ የሚከለክል አዋጅ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው በምን ያስሩኛል?»

«ለመታሰር ምክንያት ያስፈልጋል ያለሽ ማን ነው?» አለች የሺአረግ።

የሰልፉ ዕለት ገና ሲነጋ ሁለቱ አውቶቡሶች መጡ። ከፊት ያለው ባለ ጭረቱ ነው፤ አብዲቃድር በሩን ከፈተ። ካጡት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴቶች ወደ በሩ ተጠጉ። አንዲት አሮጊት ሳይታወቃት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሃዎን አየችና መልሳ አወረደችው።

ሃዎ ነጠላ ጫማዋን አጠበቀችና መንገዱን ጀመረችው። ከኋላዋ ዳሃቦ እያነከሰች ተከተለች። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቶ፣ በመጨረሻ ሁሉም።

ሰማታር ላቡ በፊቱ እየወረደ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። «አቦ፣ ሃዎ! እኔን ልትገድይኝ ነው? ባዶ አውቶቡስ ይዤ ምን ልበል?»

«አላየሁም፣ አልሰማሁም በል» አለችውና አልፋው ሄደች።

አውቶቡሶቹ የታዘዙት ሴቶቹን ይዘው እንዲገቡ ስለሆነ ጥለዋቸው መሄድ አልቻሉም። ባዶአቸውን ከኋላ ከኋላ እየተንፏቀቁ ተከተሏቸው። የድሬ ፀሐይ ገና በማለዳው ይጋረፋል። ዳሃቦ ሲደክማት ሴቶቹ እየተፈራረቁ ደገፏት፤ አብዲቃድር በመስኮት «ልጅቱ እንኳ ትግባ!» ብሎ ቢለምን «አልገባም!» ያለችው ራሷ ናት። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ይህን ያህል ሴት በእግር፣ ከኋላቸው ሁለት ባዶ አውቶቡስ ሲያይ ግራ ገብቶት «ምን ጉድ ነው?» ይላል። ሴቶቹም እየተቀባበሉ ይነግሩታል። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ከተማ ገባ።

አደባባዩ ሲደርሱ ንግግር ተጀምሯል። አቧራ ለብሰው፣ ከንፈራቸው ደርቆ በሰልፉ መሀል ገቡ፤ አውቶቡሶቹም ተከትለው መጥተው ከመድረኩ ፊት ለፊት ቆሙ። ሕዝቡ ወደ እነሱ ዞረ። ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ንግግሩን እንደጨረሰ ከመድረክ ወርዶ ወደ ሴቶቹ መጣ። ወልደጻድቅ ከጎኑ አልተለየም።

«እነዚህ መኪኖች ለምን ባዶ መጡ?» አለ እንግዳው።

ወልደጻድቅ ፈገግ አለ። «ጓድ፣ የመልካ ጀብዱ ሴቶች ለቀኑ ካላቸው ክብር የተነሳ በእግራቸው ለመምጣት በፈቃዳቸው መርጠው ነው።»

«ውሸት ነው» አለች ሃዎ።

ወደ አውቶቡሱ እየጠቆመች ቀጠለች። «ይህ አውቶቡስ የእኛ ነበር። ከወሰዱብን አሥራ አንድ ወር ሊሞላው ነው። ይቺ ልጅ ከአሸዋ መኪና ላይ ወድቃ እግሯ አጠረ። የለም ሲሉን ነበር፤ ዛሬ ለሰልፍ ሲሆን ተገኘ። ለጭብጨባ ብቻ የሚመጣ አውቶቡስ አንሳፈርም።»

እንግዳው ዳሃቦን አየ፤ መጋረጃዎቹን አየ፤ ወልደጻድቅን ግን ትንሽ ቆየት ብሎ አየው። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈና ሄደ።

ሃዎን የዚያኑ ዕለት አብዮት ጥበቃዎች ያዟት። ስድስት ቀን መልካ ጀብዱ ቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ ማዳበሪያ በሚቀመጥበት ክፍል አደረች። ሴቶቹ ገበያ መሄዱን ትተው ከበሩ ላይ ተቀመጡ። ቢያባርሯቸው ዞር ብለው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን ቀፊራ ላይ ቲማቲም ተወደደ።

በስድስተኛው ቀን ሰማታር መጣና ድምጹን ዝቅ አድርጎ «ግለ ሂስ አድርጊና ውጪ ብለዋል። ሕዝብ ፊት ጥፋቴ ነው ትያለሽ፤ ያልቃል። እባክሽ፣ አባዮ፣ እህቴ» አላት።

«ጥፋቴን ልናገር?»

«አዎ፤ ጥፋትሽን ብቻ።»

«እሺ።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወልደጻድቅ የላከው ሰው ጸሐፊ ይዞ ከፊት ተቀምጧል። ሃዎ ስድስት ቀን የለበሰችውን ልብስ እንደለበሰች ቆመች።

«ጥፋት አለብኝ» አለች። ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ። «አውቶቡሱ ሲቀር ታገሡ ሲሉኝ ታገሥኩ። ሰው እንደ ጆንያ አሸዋ ላይ ሲጫን እያየሁ እኔም አብሬ ተጫንኩ። የወንድሜ ልጅ እስክትሰበር ድረስ አፌን አልከፈትኩም። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ሁለተኛ አይለመደኝም።»

መጀመሪያ ያጨበጨበችው የሺአረግ ናት፤ የመንግሥት ሠራተኛዋ፣ ከፊት መስመር ቆማ። ከዚያ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከከተማ የመጣው ሰው ምን እንደሚል ጠፍቶት ሰማታርን አየው፤ ሰማታር «ግለ ሂስ አድርጋለች፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለና ማኅተሙን አወጣ።

አውቶቡሱ በግንቦት አጋማሽ ተመለሰ። እንግዳው ይዘዝ፣ ኮሚቴው ይፈር፣ ማንም ለይቶ አላወቀም። መጋረጃው ተነስቷል። ጎኑ ላይ «ለመልካ ጀብዱ ሰፊ ሕዝብ ከአብዮቱ የተበረከተ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ዳሃቦ ቀፊራ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር የስፌት መኪና ተከራይታ የራሷን ሥራ ልትጀምር ስለነበር የመጀመሪያውን ወንበር ለእሷ ለቀቁላት።

ሃዎ ከመሳፈሯ በፊት ጨርቁን ቀስ ብላ፣ ጮክ ብላ አነበበችው። አብዲቃድር እጁን ለቲኬት ሲዘረጋ «የተበረከተ ይላል እኮ!» አለችው፤ ከኋላ ያሉት በሳቅ ፈነዱ፣ እሱም ሳቀ። ከፈለችው።

«በየቀኑ ነው?» አለችው።

«አርብና እሁድ የለም።»

«ለምን?»

«እንዲህ ብለው ነው የሰጡኝ።»

ቀፊራ ደርሰው ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ሲያወርዱ ሃዎ ከወንበሯ አልተነሳችም። አብዲቃድር ዞሮ አያት።

«ከዚራ ውሰደኝ» አለችው። «የኮሚቴው ግቢ በር ላይ አውርደኝ። የአርብና የእሁዱን ልጠይቅ ነው።»

ሊወርዱ በሩ ላይ ደርሰው የነበሩ አራት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና ተመልሰው ተቀመጡ።