የአክሲዮኑ ሻጭ

ቤተሰቡ «ወንፊት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ልጅ ሆና ተረት ሲነገራት እንኳ «ማን አይቶ ነው?» እያለች ተራቹን ታስጨንቅ ነበር። አድጋ ኦዲተር ስትሆን ማንም አልገረመው። ወንድሟ በተቃራኒው ወሬው ከነጋሪው አፍ ሳይደርቅ ገንዘቡን የሚያወጣ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አይደል የሚባለው?

አባታቸው ከሞቱ በኋላ የብረታ ብረት ወርክሾፓቸው ተሸጠ። ገንዘቡ በእናትና በሁለቱ ልጆች ስም ባንክ ገባ፤ የሦስቱም ፊርማ ካልተሟላ አይወጣም። የእናትየው መጦሪያ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ወንድምየው ወንፊት ዘንድ መጣ።

«ውጭ አገር ሊሄድ የተነሳ ሰውዬ አክሲዮኑን እየሸጠ ነው» አላት። «ትንሽ የምስጠራ ሶፍትዌር ኩባንያ ነው። የሆስፒታልና የድርጅት ሰነድ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው የሚቆልፍ ፕሮግራም ይሠራሉ። መርምሪውና ጥሩ ነው ካልሽ እማዬ ትግዛው።»

«ካልሆነስ፣ ጋሼ?»

«ካልሆነማ ይቅራ! አንቺ ያላጣራሽው ነገር እዚህ ቤት ይገባል?»

ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል። ሻጩ ቸኩሏል ስላላትም፣ ነገሩ እንዳይጓተት ብላ የባንኩን ገንዘብ ማውጫ ወረቀት አስቀድማ ፈርማ ለእናቷ ሰጠች።

«እማዬ፣ እሺ እስክልሽ ድረስ ከእጅሽ እንዳይወጣ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብለው ማሉላት። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ሪፖርቷ ላይ በቀይ ታሰምርበት ነበር፤ እናት ግን ኦዲት አትደረግም።

ሦስት ሳምንት ለፋች። ኩባንያው ከመድኃኒት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነው፤ ሰባት ሠራተኞች፣ አንድ የሚያጓራ ማራገቢያ፣ በሩ ላይ «እንግዳ ስክሪን እንዳይመለከት» የሚል ወረቀት። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ፕሮግራመር ነው፤ ሸሚዙን አዛንፎ የሚቆልፍ፣ ውሸት ቢሞክር እንኳ የማያምርበት ሰው። ደንበኞቹ እነማን እንደሆኑ ስትጠይቀው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«የምንሸጠው ምስጢር መጠበቅ ነው። የደንበኛ ስም ካወጣንማ አለቀልን።»

እሷም መላ አላጣችም። ስሞቹ በወረቀት ተሸፍነው ውሎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ፕሮግራሙ ደህና ነው፤ ሒሳቡ ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹም ለዓመታት አልለቀቁም። «ጥሩ ነው» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ሳለ አንድ ውል ላይ ቆመች። ከኩባንያው ገቢ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከዚህ አንድ ደንበኛ ነው፤ ውሉ ደግሞ በሦስት ወር ያበቃል።

«ይታደሳል?»

«አይታደስም» አለ ሥራ አስኪያጁ ሳያቅማማ። «የራሳቸውን ፕሮግራም አሠርተዋል። ለባለአክሲዮኖች ሁሉ ከሁለት ወር በፊት በደብዳቤ አሳውቀናል፤ ቅጂው ይኸውልዎት። ሻጩ አልነገሩዎትም እንዴ?»

«ውጭ የሚሄደው ሰውዬ?»

«የምን ውጭ?» ደብዳቤውን የተቀበሉ ሰዎች የፈረሙበትን ዝርዝር ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ድርሻቸውን ለመሸጥ ያመለከቱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እኚህ።»

ስሙን ማንበብ አላስፈለጋትም። አባቷ ሥራ ሲበዛባቸው የትምህርት ቤት ካርዷን የሚፈርምላት ወንድሟ ነበር፤ ያቺን ጅራቷ የረዘመ ፊርማ ከሺህ መሀል ትለያታለች። ክው አለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ ውድቀቱ ይህን ያህል እንደሚያም ግን የነገራት አልነበረም።

ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ገሰገሰች። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያጽናናት፤ ወረቀቱ እማዬ እጅ ነው፣ ገንዘቡ አልተነካም። ወረቀቱን ቀድዳ ከጣለች በኋላ ከወንድሟ ጋር የምትጣላውን ቀስ ብላ ትጣላለች።

እናትየው አልጋው ላይ የታጠበ አንሶላ እያጣጠፉ ነበር።

«እማዬ፣ ያቺን ወረቀት አምጪልኝ።»

ቀና አላሉም። «ማክሰኞ ወሰዳት።»

«እኔ እኮ ገና እሺ አላልኩም!»

«አላልሽም።»

«የሚሸጠው የራሱን አክሲዮን መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ነግሮኛል። ተቸግሯል፣ ልጄ። ብነግርሽ ትፈርሚ ነበር?»

ወንፊት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየደወለች «እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ይሄን ጥሩ ነገር አየሁ» ስትል፣ እናቷ «ጎሽ የኔ ልጅ» ሲሏት የከረሙት እያወቁ ነው። የወንድሟ ሥራ አንገብግቧታል፤ አንጀቷን የቆረጠው ግን የእናቷ «ጎሽ» ነው።

«እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?» አለች።

«አንቺማ ደሞዝ አለሽ፣ ጭንቅላት አለሽ። እሱ ከእኔ ሌላ ማን አለው? ደግሞ ገንዘቤን ውኃ ውስጥ አልጣልኩትም፤ አክሲዮን ገዛሁበት። ጥሩ ኩባንያ ነው ስትይኝ አልነበር?»

«ደብዳቤውንስ ነግሮሻል?»

«የምን ደብዳቤ?»

ቅጂውን አውጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። ትልቁ ደንበኛ ይሄዳል፤ ገቢው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ አክሲዮኑንም ለጊዜው የሚገዛ ላይገኝ ይችላል።

«መቼ ደረሰው?» አሉ እናትየው።

«ከሁለት ወር በፊት።»

«እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት?»

«በፊት፣ እማዬ።»

እናትየው ያጣጠፉት አንሶላ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔንም?» አሉ።