እናቴ የከለከለችኝ አገውኛ

እናቴ እታለማሁ በአርባ ስምንት ዓመቷ አማርኛ ጠፋባት። መጀመሪያ የጨውን ስም ረሳች፤ «ያን ነጩን አምጭልኝ» ስትለኝ ሳቅሁባት። ቀጥሎ የወንድሜን የአበረን ስም ረሳች። አበረ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ገና ዓመት አልሞላውም ነበርና ከናፍቆት ነው ብዬ ተውሁት። የ1978 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ ግን የቀራት ከትውልድ መንደሯ ከጥርባ ይዛው የመጣችው አገውኛ ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ አገውኛ አልችልም።

አለመቻሌ የማን ጥፋት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የራሷ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ተድራ ዳንግላ ስትገባ የገበያ ሴቶች አማርኛዋን እየደገሙ ይስቁባት ነበር አሉ። ያ ነገር ከሆዷ አልወጣም። በገበያ ቀን ዘመዶቿ ከጥርባ ሲመጡ እኔንና አበረን ጓዳ አስገብታ ትዘጋብንና ከእነሱ ጋር ደጅ ታወራለች። አንድ ቀን የሰማሁትን ቃል ብደግም ጭኔን እስኪጠቁር ቆነጠጠችኝ። «አንቺ አስተማሪ ነው የምትሆኚው!» አለችኝ። ይኸው ሆንሁላት።

ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ ድሬሰሩ ቪታሚን ሰጣት። ሁለት ሱባኤ ጠበል አስገባኋት፤ ከስታ ተመለሰች። በዚህ ዕድሜ የሚመጣ መርሳት የት እንደሚታከም የሚነግረኝ ሰው ጠፋ። ጠዋት በሩን ከውጭ ቆልፌባት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አስታማሚ ነኝ። አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ የጣለችውን ነጠላ መልሼ አለብሳታለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ብድግ ትልና በሩ ሥር ቆማ ትለምነኛለች። በየቀኑ ያንኑ ቃል።

«ውሃ ነው? ሽንት ነው? ምንድን ነው እምዬ?» እላታለሁ። ታለቅሳለች። አንድ ቀን «በአማርኛ ተናገሪ!» ብዬ ጮኽሁባት። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ጎረቤት ጠርቶ «የገዛ እናቴ ምን ትለኛለች?» ብሎ መጠየቅ ሞት መሰለኝ። ሦስት ወር እንዲሁ አለፈ። በመጨረሻ ሲብስብኝ ወደ ዘመዶቿ ላክሁና ደጊቱ የምትባል ጎልማሳ ሴት ከጥርባ መጣችልኝ፤ እርሻ እስኪጀመር እናቴን ልትጠብቅ ተስማማን።

ደጊቱ ገና አፏን ስትከፍት የእናቴ ፊት በራ። ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ ይውላሉ። እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ እቆማለሁ። ቀናሁ፤ አዎ፣ በደጊቱ ቀናሁ።

«በሩ ሥር ቆማ ምንድን ነው የምትለው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ተይው እቴ፣ የበሽታ ነገር ነው።»

«ንገሪኝ ስልሽ!»

ደጊቱ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «‹ይህች የመንግሥት ሴት ቆልፋብኛለች፤ ለምኝልኝ› ይላሉ። ‹ማናየሽ ከትምህርት ቤት መውጫዋ ደርሷል። ሳልቀበላት ብቀር ታለቅሳለች› ይላሉ።»

ማናየሽ እኔ ነኝ። የመንግሥት ሴትም እኔው ነኝ።

በማግስቱ ደጊቱን «እኔ ልጅሽ ማናየሽ ነኝ» የሚለውን በአገውኛ አስጠኝኝ አልኋት። ምላሴ እምቢ አለ። ደጊቱ እየሳቀች ታርመኛለች፣ እኔ እየተናደድሁ እደግማለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ላይ ለብቻዬ ሳነበንብ ባለጋሪዎች ዞር ብለው ያዩኛል፤ የእናትየዋ ተጋባባት ሳይሉኝ አልቀሩም። ይበሉ። ደጊቱ ከሄደች የሚያገናኘን ሰው የለም። ከዚያ በፊት እናቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብታውቀኝ ይበቃኝ ነበር።

ደጊቱ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል እናቴ ተነሥታ በሩ ሥር ቆመች። ፊት ለፊቷ ሄጄ ያጠናሁትን አንድም ሳላጎድል ተናገርሁ።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጄን ይዛ ሳቀች፤ ጉንጬን እየደባበሰች ብዙ ብዙ ነገር አወራችኝ። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ነክታኝ አታውቅም። እንባዬ መጣ።

«አወቀችኝ አይደል? ምን አለችኝ?»

ደጊቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«‹አገውኛሽ ደስ ይላል፣ እህቴ› ነው የሚሉሽ። ‹የእኔ ልጅ ግን አገውኛ አታውቅም። ሰው እንዳይስቅባት ብዬ አንድም ቃል አላስተማርኋትም። አንቺ ማናየሽ አይደለሽም። በይ እባክሽ ክፈችልኝ፣ ልጄ ብቻዋን ትቆማለች።›»

ቆንጥጣ ያስጣለችኝን ቋንቋ ይዤ ብመጣ፣ በዚያው ልጇ አለመሆኔን አረጋገጠች።

በሩን ከፈትሁላት። እጇን ይዤ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ወሰድኋት። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎቹ ሲወጡ እያንዳንዷን ልጅ ጎንበስ እያለች ፊቷን ታያለች። አምና ያስተማርኋቸው ልጆች «ቲቸር!» እያሉ ሰላም ይሉኛል። የመጨረሻዋም ልጅ ሄደች፤ ዘበኛው በሩን ዘጋ።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ደጊቱ ቤት ቀርታለች። ምን እንዳለችኝ አልገባኝም።